«ባለቤቴ»፦ ስለ ትዳር ጓደኛ ማመስገንና አዲስ ጎጆን ማቅናት



በአማርኛችን ባል ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላል፤ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» ትላለች። ከልማድ ብዛት የተነሣ ቃሉን ሳናስተውል እንጠራዋለን እንጂ ብናስተውለው ብዙ የሚያስተምር ነው። «የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ በቋንቋችን ሥርዓት ባል ወደ ሚስቱ፣ ሚስት ደግሞ ወደ ባሏ ታመለክታለች፤ ከሁለቱ አንዳቸውም «እኔ ነኝ» አይሉም። እንግዲህ ቤት ማለት ከግድግዳውና ከጣራው በፊት ሰው መሆኑን አባቶቻችን ያወቁት፣ ዛሬ እኛ በመጽሐፍ ከምናስተምረው አስቀድመው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ሰው፣ ማለትም በአዲሱ ጎጆ ውስጥ አብሮን የሚኖረው የትዳር ጓደኛ፣ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን እንዴት እንደምናውቅና ማወቃችንንም እንዴት እንደምንገልጽ ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው የገጠር ኑሮ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወዲያው የራሳቸው ቤት አይኖራቸውም። በባል ወላጆች ጥላ ሥር ይቆያሉ፤ ከአንድ መሶብ ይበላሉ፤ ሙሽራይቱም የአማቷን እጅ እያየች የቤቱን ልማድ ትማራለች። ከዚያ በኋላ «ጎጆ ይወጣሉ»። ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ ማገር ይማገራል፣ ዘመድና ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ጭቃውን ከጭድ ጋር ይረግጣል፤ ግድግዳው ይመረጋል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ በመጨረሻም ሦስቱ ጉልቻ ይጎለታል። ከተማ የገቡት ወጣቶች ደግሞ ጎጆ የሚወጡት ወደ አንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ጎረቤት። መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም በመካከላቸው ሳይቆም ፊት ለፊት ይተያያሉ። እስከዚያ ድረስ ሚዜው፣ አማቱ፣ እልልታው ይሸፍነው የነበረ ነገር ሁሉ በዚህ ጊዜ ይገለጣል።

እኛ ካህናት ለሠርጉ ቀን ብዙ እናስተምራለን፤ ለእነዚህ ወራት ግን የምናስተምረው እጅግ ጥቂት ነው።

እንግዳው የሚያመሰግናት፣ ባሏ የማያመሰግናት

በአገራችን ምስጋና አይጎድልም። እንግዳ ወደ ቤት ገብቶ እንጀራ ሲቀርብለት ቆርሶ ከመጉረሱ በፊት እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ በልቶ ሲጠግብም የቤቲቱን እመቤት «እጅሽ ይባረክ» ሳይላት አይነሣም። ምስጋናችንም ጥልቅ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል «ያደረግህልኝን እኔ ልከፍል አልችልም፤ ስለ እኔ እግዚአብሔር ይክፈልህ» ማለታችን ነው። ውለታውን ወደ ራሳችን ኪስ ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር መዝገብ እናስተላልፈዋለን። እንዲህ ያለ ምስጋና ያለው ቋንቋ በመያዛችን ደስ ሊለን ይገባል።

ነገር ግን ያችኑ እንጀራ በየቀኑ የሚበላው ባል ይህን ቃል ሲናገር ብዙ ጊዜ አይሰማም። ሚስትም እንደዚሁ፤ ባሏ ከንጋት እስከ ምሽት በቆሎውን ሲኮተኩት፣ በበርበሬው ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲውል፣ እርሷ ለጎረቤት ስለ እርሱ ታማርር ይሆናል እንጂ ለእርሱ ለራሱ «እግዜር ይስጥልኝ» አትለውም። ለምን ቢባል፣ «የራሴ ሰው ነው፤ ለራስ ሰው ምን ምስጋና ያስፈልጋል?» የሚል መልስ ይገኛል። በዚህ መልስ ውስጥ እውነትም ስሕተትም አለ። እውነቱ፣ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና በመካከላቸው የባዕድ ሥነ ሥርዓት አያስፈልግም የሚለው ነው። ስሕተቱ ግን ከዚህ ይከተላል፤ የራሴ የሆነ ሁሉ ስጦታ መሆኑን እረሳለሁ። ሞፈሬም የራሴ ነው፣ በሬዬም የራሴ ነው፤ ሚስቴ ግን በዚህ ትርጉም የራሴ አይደለችም። የሰጠኝ አለ፤ እርሷም ራሷን ሰጥታኛለች።

የሐና ጠቦት

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ የሚነግረንን ብዙዎቻችን ከሠርግ ቀን ንባብ አናልፍበትም። መጽሐፈ ጦቢት ሲነሣ ሁላችን የምናስበው ጦብያንና ሣራን ነው። እስቲ ከእነርሱ በፊት ወደ አሮጌዎቹ ባልና ሚስት፣ ወደ ጦቢትና ወደ ሐና እንመለስ።

ጦቢት ጻድቅ ሰው ነበር። በስደት አገር በነነዌ የተራበውን ያበላል፣ ሙታንን በሌሊት ይቀብራል፣ ሕጉን ይጠብቃል። ዓይኑ በታወረ ጊዜ ግን ቤቱን የምትመግበው ሚስቱ ሐና ሆነች። በጎጃም እናቶቻችን እንዝርት ይዘው እንደሚውሉ እርሷም በሴቶች የእጅ ሥራ ተቀጥራ ትውል ነበር። በምዕራፍ 2 መጨረሻ እንደተጻፈው አሠሪዎቿ አንድ ቀን ከደመወዟ ሌላ የፍየል ጠቦት ጨምረው ሰጧት። ጠቦቱ ቤት ገብቶ ሲጮህ ዕውሩ ጦቢት ድምፁን ሰማ፤ «እጅሽ ይባረክ» ሳይሆን «ከወዴት ሰረቅሽው?» የሚል ነገር ከአፉ ወጣ። የተሰጣት ስጦታ መሆኑን ብትነግረውም አላመናትም፤ ለባለቤቱ መልሺ አላት። እርሷም መጽዋትነቱና ጽድቁ የት እንደሄደ ጠየቀችው።

ይህን ክፍል ደጋግመን ልናነበው ይገባል። ለማያውቀው ሙት ከፈኑን የማይነፍግ ሰው፣ ለምታበላው ሚስቱ አንዲት የምስጋና ቃል ነፈጋት። ክፉ ሰው ስለ ነበረ አይደለም። ቤት ያስተዳድር የነበረው እርሱ፣ አሁን በሚስቱ እጅ መብላቱ ስላሳፈረው ይመስለኛል። ውለታ መቀበል ለኩሩ ሰው ከመስጠት ይከብዳል። በአካባቢያችንም እንዲህ ያለውን አይተናል፤ ሚስት በገበያ፣ በጠላ፣ በእርሻ ውጤት ንግድ ወይም በደመወዝ ሥራ ከባሏ የበለጠ ገቢ ያገኘች እንደሆነ፣ በዚያ ቤት ምስጋና መብዛት ሲገባው ጥርጣሬ ይበዛል። የሐና ጠቦት እስከ ዛሬ ይጮኻል ብንል ስሕተት አይሆንም።

ከዚህ ቤት የወጣው ልጅ ጦብያ ግን ሌላ ነገር ሠራ። ሣራን ያገባት ሰባት ባሎች በጫጉላው ሌሊት ከሞቱባት በኋላ ነው፤ አባቷ ራጉኤል ለጉድ ተጨንቆ በዚያው ሌሊት የአማቹን መቃብር ያስቆፍር ነበር። ጦብያ በዚያ ፍርሃት መካከል ሚስቱን ከአልጋዋ አስነሥቶ አብረው ጸለዩ። ጸሎቱም በልመና አልጀመረም፤ በምስጋና ጀመረ፤ እግዚአብሔር አዳምን ረዳት ሳይሰጠው እንዳልተወው አስታወሰ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ምሕረትንና አብሮ ማርጀትን ለመነ። በሩ ውጭ መቃብር እየተቆፈረ ሳለ አዲስ ትዳርን በምስጋና መክፈት ማለት ይህ ነው።

መጽሐፉ ስለ አዲሱ ቤትም አልዘነጋም። ሙሽሪት ከወላጆቿ ስትለይ አባቷ የባሏን ወላጆች እንደ ራሷ ወላጆች እንድታከብር ይመክራታል፤ እናቷ ደግሞ ዞር ብላ ለአማቿ ልጇን እንዳያሳዝናት አደራ ትሰጠዋለች። ምክሩ ለሁለቱም ወገን መሆኑን አስተውሉ፤ በእኛ አገር ለሙሽራይቱ ብቻ የሚሰጥ የምክር ዓይነት አይደለም። በምዕራፍ 11 ደግሞ ዓይኑ የበራለት ጦቢት ምራቱን ሊቀበል እስከ ከተማይቱ በር ድረስ ወጣ፤ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ባረካት፤ ልጄ እያለ ወደ ቤቷ እንኳን በደህና መጣሽ አላት። ሚስቱን በጠቦት ምክንያት የከሰሳት ያው ሽማግሌ ነው። አማቾች ሆይ፣ ምራት ወደ ቤታችሁ ስትገባ ደጃፍ ድረስ ወጥታችሁ የምትቀበሏት ከሆነ ግማሹ የጎጆ ችግር በዚያው ያልቃል።

ቁርባንና አኰቴት

በአገራችን የጋብቻ ዓይነቶች ሲቆጠሩ ሰማንያ አለ፣ ቁርባን አለ። ሰማንያው በሽማግሌ ፊት በውል የሚጸና፣ በውልም ሊፈርስ የሚችል ነው፤ ቁርባኑ ግን የማይፈርስ መሆኑን ሕዝባችን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህም ብዙዎች በወጣትነታቸው ይፈሩትና ሸምግለው፣ ልጅ ድረው ሲያበቁ ይቆርባሉ። ፍርሃቱ የምሥጢሩን ክብደት ከማወቅ የመጣ በመሆኑ አይናቅም። ሆኖም ስሙን ራሱን ብንመረምር ከፍርሃት ሌላ ነገር እናገኛለን። በግዕዝ ሥርዓታችን የቅዳሴው ዋና ክፍል «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። ግሪኮቹም ይህንኑ ምሥጢር «ኤውካሪስቲያ» ብለው ሲጠሩት ምስጋና ማለታቸው ነው። እንግዲህ «በቁርባን ተጋቡ» ስንል «በምስጋና ተጋቡ» ማለታችን ሆኖ ይገኛል።

በቅዳሴው መግቢያ ላይ የሚጸለየው የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኰቴትም እንዴት ማመስገን እንዳለብን ያስተምረናል። በአጠቃላይ «ተመስገን» ብሎ አያልፍም፤ እግዚአብሔር ያደረገልንን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ስለ መጠበቁ፣ ስለ መርዳቱ፣ እስከዚያች ሰዓት ስለ ማድረሱ ያመሰግናል። በቤታችንም የሚጎድለን ይህ ዝርዝር ነው። «ሚስቴ ደግ ናት» ማለት መልካም ነው፤ «ትናንት ታምሜ ሳለሁ ውኃውን ከወንዝ አንቺው ቀድተሽ፣ ከብቱንም አንቺው አስገብተሽ አደርሽ» ማለት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ምስጋና ማየቱን ያረጋግጣል።

ቅዱስ ጳውሎስም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ለባልና ለሚስት የጻፈውን ትእዛዝ ሁላችን በቃል እናውቃለን፤ ከፊቱ ያለውን ቁጥር ግን እንዘለዋለን። ወደ ኤፌሶን ሰዎች 5፣22 ከመምጣቱ በፊት በቁጥር 20 ስለ ሁሉ ዘወትር እንድናመሰግን፣ በቁጥር 21 ደግሞ እርስ በርሳችን እንድንታዘዝ ያዝዛል። ወደ ቆላስይስ ሰዎች 3፣18 ከመድረሱ በፊትም በቁጥር 15 እና 17 ላይ ስለ ምስጋና ይናገራል። በሁለቱም መልእክቶች ምስጋናው ይቀድማል፤ የቤት ሥርዓቱ ይከተላል። ምስጋናውን ቆርጦ ጥሎ «ሚስቶች ሆይ» ከሚለው የሚጀምር ሰባኪ የሐዋርያውን ትምህርት በግማሽ አስተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ይህንኑ በቀላል አነጋገር ደጋግመው አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2014 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለተሰበሰቡ እጮኛሞች፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ በቤት ውስጥ ሦስት ቃላት እንዳይጠፉ አሳስበዋል፤ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማመስገንና ይቅርታ ማለት። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «የፈረንጅ ትሕትና ነው» ይላል። እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ያለው ሕዝብ ይህን ከማንም ሊማር አያስፈልገውም ባይ ነኝ፤ ለእንግዳ የሚናገረውን ለቤቱ ሰውም ይናገር እንጂ።

ምስጋናን ስለሚያስቸግሩ ነገሮች

እዚህ ላይ መምህራን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ከባድ ጉዳይ አለ። ምስጋና የነጻ ሰው ሥራ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ በክልሉ በአጠቃላይ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ብዙ ሴት ልጆችን ከጨዋታና ከትምህርት አንሥቶ ወደ ጓዳ አስገብቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ ተከትሏል። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው የሁለቱ ነጻ ፈቃድ መሆኑን ታስተምራለች። ፈቃዷን ያልሰጠችን ልጅ «ባል ስላገኘሽ አመስግኚ» ማለት ምስጋናንም ጋብቻንም ማዋረድ ነው። እንዲሁም ባሏ የሚደበድባት ሴት ወደ እኛ ስትመጣ ስለ ምስጋና ልናስተምራት አንነሣ፤ አስቀድመን እናስጠጋት፣ እናድናት። የምስጋና ትምህርት የበዳይ መሸሸጊያ ከሆነ ትምህርቱ ከእኛ ይወሰድ።

ስለ ቤትና ስለ ንብረትም አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም ገጠር ማጫ ከሁለቱም ወላጆች ወገን መምጣቱ፣ ቤቱ ከሁለት ወገን በተዋጣ ሀብት እንደሚቆም የሚመሰክር መልካም ልማድ ነው። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተርም የባልንና የሚስትን ስም፣ ፎቶግራፋቸውንም ጎን ለጎን ይዟል። አንዳንድ አባወራዎች በመጀመሪያ ሲያዩት እንዳጉረመረሙ እናስታውሳለን። እኔ ግን ያንን ደብተር ባየሁ ቁጥር «ባለቤቴ» የሚለው ቃላችን በመንግሥት ማኅተም የተጻፈ ይመስለኛል። ሥራዋን አይቶ ስሟን በወረቀት ላይ ከስሙ ጎን ያኖረ ባል ከአፍ በላይ አመስግኗል።

እንዲህ ያለው ምስጋና በቅዱሳን ሕይወት ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ሰው የቅድስት ሕፃን ኢየሱስ ተሬዛ ወላጆች ሉዊና ዘሊ ማርተን አሉለት። በፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1858 ተጋቡ፤ እርሱ ሰዓት ሠሪ፣ እርሷ የዳንቴል ባለሙያ ነበሩ። የእርሷ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ ሉዊ እ.ኤ.አ. በ1870 የራሱን የሰዓት ሱቅ ትቶ የሚስቱን ሥራ ለመርዳት ገባ። የጦቢት ተቃራኒ ማለት እርሱ ነው፤ ጠቦቱ ሲጮህ አልጠረጠረም፣ ገመዱን ይዞ አገዛት። ዘሊ በበኩሏ ለወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ በባሏ እጅግ ደስተኛ መሆኗን ገልጣለች። ከዘጠኝ ልጆቻቸው አራቱን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። እርሷ እ.ኤ.አ. በ1877 በካንሰር ስታርፍ እርሱ አምስት ሴት ልጆቹን ይዞ ወደ ሊዚዩ ከተማ ሄደና አዲስ ቤት መሠረተ፤ በዚያ ቤት የእናታቸውን መታሰቢያ አላጠፋም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2015 ባልና ሚስቱ በአንድነት ቅዱሳን ተብለዋል፤ በአንድነት በመሰየምም ከባልና ሚስት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በደረሰው ግጭት ሠርጋቸውን ያዘገዩ፣ የሠሩትን ጎጆ ትተው የሄዱ፣ የትዳር ጓደኛቸውንም ያጡ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ይህን ትምህርት እነርሱ እንዳሉ አስባችሁ አስተምሩ። ለእነርሱ ምስጋና ማለት የደረሰውን መልካም ነው ማለት አይደለም። ጦብያ የጸለየው መቃብር እየተቆፈረ ሳለ ነው ብለን ያነበብነው ለእነርሱ ጭምር ነው።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ

ይህን ትምህርት ለእጮኛሞች ከሚሰጠው ዝግጅት ይልቅ ጎጆ ከወጡ በኋላ ባሉት ወራት፣ በቤታቸው ብታቀርቡት ይመረጣል። መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 11 ጀምሮ አንብቡላቸውና ዝም በሉ፤ ጠቦቱ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ባልን «ዛሬ ባለቤትህ ምን ስትሠራ ዋለች?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሚስትንም እንዲሁ። ብዙዎቹ በመጀመሪያ አያውቁትም፤ ይስቃሉ፤ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሳቁ ትምህርቱን አያበላሸውምና አትከልክሏቸው።

ካህኑ ቤቱን ሊባርክ በሚመጣበት ቀን ጸበሉ ከመረጨቱ በፊት ባልና ሚስቱ በጉልቻው አጠገብ ቆመው እያንዳንዳቸው ስለ ሌላው አንድ ነገር ለይተው እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ አለማምዷቸው። በአደባባይ መናገር የሚያፍሩ ከሆነ በልባቸው ይበሉት፤ ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ለራሳቸው በድምፅ እንዲነጋገሩት ንገሯቸው። አማቶቻቸው በዚያ ቀን ተጋብዘው ከመጡ፣ ምርቃቱን ከመስጠታቸው በፊት ስለ ምራታቸው ወይም ስለ አማቻቸው የሚያመሰግኑበትን አንድ ነገር እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ሽማግሌዎች ለምርቃት ቃል አያጡም፤ ለዚህኛው ግን ጥቂት ጊዜ ስጧቸው።